ዓሣ ሳልበላ ዓሣ ዓሣ የሸተትኩበት ጾም

የብረት በርና መስኮት ሠሪ ነኝ፤ ቤቴም ወርክሾፔም ቡራዩ ነው። በሥራ ዘመኔ በርህ ጠመመ፣ ቀለምህ ለቀቀ፣ ማጠፊያህ ይጮኻል ተብያለሁ፤ ለዚህ ሁሉ መልስ አለኝ። የአንዱን ደንበኛ በር ለሌላው ወስዶ መገተር ግን ዘንድሮ በሁዳዴ መጀመሪያ ነው የጀመርኩት፤ ለዚህ መልስ አልነበረኝም።

ሱሉልታ ላይ ኦቦ ለሚ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ። የወተት ላሞች አሏቸው። የመጨረሻ ልጃቸውን ከፋሲካ በኋላ ሊድሩ ስለሆነ ለግቢያቸው አዲስ በር አዘዙኝ። እኔና ሸሪኬ ግርማ በሩን አይሱዙ ላይ ጭነን ዳገቱን ወጣን፣ አወረድን፣ አቆምን። በሩ ከክፍተቱ በአርባ ሳንቲም ሰፋ።

ጤነኛ ሰው እዚህ ላይ «በር ተሳስቻለሁ» ይላል። እኔ ግን «ግድግዳው ነው የጠበበው» አልኩ። ኦቦ ለሚ ግድግዳውን አዩት። የግንበኛውን ስም ጠየቅኳቸው፣ ግንበኛውን አማሁት፣ አልበቃ ሲለኝ ሱሉልታ ብርድ ስለሆነ ብሎኬት በብርድ ይኮማተራል ብዬ አስረዳኋቸው።

«እኔም እዚሁ ብርድ ውስጥ ነው ያረጀሁት» አሉ ኦቦ ለሚ፣ «ይህን ያህል አልተኮማተርኩም።»

ይሄኔ ግርማ ከኪሱ የሥራ ደብተሩን አውጥቶ ከፈተና «ይኼ የሰበታው በር ነው» አለኝ።

«ታዲያ እስካሁን ምን ዘጋህ?»

«ስትጭን ነግሬሃለሁ። ያለቀው የሰበታው ነው፣ የሱሉልታው ቀለም ይቀረዋል አልኩህ። እሺ ብለህ ጫንከው።»

እሺ ያልኩበትን ባስታውስ እምላለሁ፤ አላስታውስም። ኦቦ ለሚ ግን አልተቆጡም። ወተት አስቀድተው አመጡና ጾም መሆኑ ትዝ ሲላቸው ወደ ውስጥ መለሱት። «ቶሌ፣ ይሁን። ሠርጉ ሳይደርስ ግን አደራ» ብለው ሸኙን።

በመንገድ ላይ ግርማ በሳቅ ሲፈነዳ እኔ አልሳቅኩም። ስለ በሩ አልነበረም። አባቴ ነፍሱን ይማረውና ፖስታ አዳይ ነበር፤ የስንቱን ሰው ቤት በቁጥር ሳይሆን በውሻው ጩኸት ያውቅ ነበር። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ግን እኔን ራሴን በትሕትና «ልጄ፣ የማን ልጅ ነህ?» ይለኝ ጀመር። «ያንተው ነኝ» ስለው «ታድዬ» ይላል። ይህን ለሰው ሳወራው እየሳቅኩ ነው። ያን ቀን መኪናው ውስጥ ግን ከሳቁ በስተጀርባ ያለው ነገር ብቻውን መጣብኝ። የኔም ተራ ደረሰ አልኩ።

ግርማ ፊቴን አይቶ ሳቁን አቆመ። ግርማ ከብየዳ ቀጥሎ የሚወደው ስልኩን ነው። «አንተ የሚያስፈልግህ ኮሊን ነው» አለኝ። ነጭ ጋውን የለበሰ ፈረንጅ አሳየኝ። ኮሊን የሚባለው ነገር ሰውነት ውስጥ ይገባና አንጎል መልእክት የሚቀባበልበትን ንጥረ ነገር ይሠራል ይላል። በኛ ቋንቋ ኤሌክትሮድ ነው ብዬ ተረዳሁት፤ ኤሌክትሮድ ካለቀ ብየዳ የለም።

በማግስቱ ፋርማሲ ሄድኩ። ፋርማሲስቷ ሐናን ትባላለች፤ አባቷ ከጎኗ የጨርቅ ሱቅ አላቸው፣ ያባቷ ሱቅ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ስታጠና ነው ያደገችው።

«ኮሊን ስጪኝ» አልኳት።

«የትኛውን ኮሊን፣ ጋሼ?»

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። እኔ አንድ ብቻ መስሎኝ ነበር የሄድኩት። ሐናን ደግሞ የተጠየቀችውን አሟልታ የምትመልስ ልጅ ናት። ባይታርትሬት የሚባል አለ፣ ተራው ነው፣ ርካሽ ዱቄት ነው፣ ወደ አንጎል የሚዘልቀው ግን ትንሽ ነው ይባላል አለችኝ። ሌሲቲን አለ፣ ከአኩሪ አተር የሚወጣ ቅባት ነው። ሲቲኮሊን አለ፣ እሱን ሐኪሞች ለአንዳንድ በሽተኞች ያዙታል፣ እሷ ያለ ማዘዣ አትሰጥም። አልፋ ጂፒሲ የሚባል ደግሞ አለ፣ ቶሎ አንጎል ይደርሳል ተብሎ ብዙ የሚወራለት።

«ተሳፋሪው አንድ ነው፣ መኪናው ነው የሚለያየው ማለት ነው?» አልኳት።

«እንደዚያ ይያዙት።»

«የትኛው መኪና ይሻላል?»

«ጋሼ፣ ለጤነኛ ሰው የትኛውም የጠፋ ሐሳብ እንደሚመልስ በደንብ የተረጋገጠ ነገር የለም። መጀመሪያ ይመርመሩ። ኮሊን ከሆነ የፈለጉት እንቁላል ውስጥ ሞልቷል።»

«ጾም ነው።»

«እንግዲያው ከፋሲካ በኋላ።»

«እስከዚያ እንቁላል እንዳለ በምን አስታውሳለሁ?»

ሳቀችና የአንድ ክሊኒክ አድራሻ ወረቀት ላይ ጻፈችልኝ። ወረቀቱን ኪሴ ከተትኩት፤ እሱን እንኳ የረሳሁት ሆን ብዬ ነው። ሐኪም ፊት ተቀምጬ «እንደ አባትህ ነህ» መባሉን ፈርቼ ነበር። ከዚያ ይልቅ ራሴን በራሴ መጠገን መረጥኩ፤ ሠላሳ ዓመት የሰው ቤት ስጠግን አይደል የኖርኩት።

ግርማ ከውጭ በሻንጣ ዕቃ የሚያስመጣ ሰው ያውቅ ነበር። ሲቲኮሊን፣ አልፋ ጂፒሲና ባይታርትሬት መጡ። ሌሲቲኑን ተውኩት፤ አኩሪ አተር ከሆነማ ሽሮ ውስጥ አስጨምሬ እበላዋለሁ ብዬ። እናም ሦስቱን ላወዳድር ቆርጬ ተነሣሁ። ደብተር ገዛሁ፣ በማስመሪያ ሦስት ዓምድ አሰመርኩ። ፈተናው እንዲህ ነው፦ ጠዋት ግርማ ከሥራ ደብተሩ አሥር የበር ልኬት ያነብልኛል፤ ማታ ስንዘጋ እኔ በቃሌ እወጣዋለሁ። ግርማ የሚያነብልኝ ጄኔሬተሩ እየሠራ፣ አጠገባችን የብረት መቁረጫው ፍሌክስ ላሜራ እየቆረጠ ነው። ወርክሾፕ ውስጥ ሌላ ጸጥ ያለ ሰዓት የለማ።

በሲቲኮሊን ጀመርኩ። ባለቤቴ አስካለ እንክብሉን እያገላበጠች አይታ «ይኼ ሽፋኑ ከምንድነው?» አለችኝ። አጣርቼ ከከብት አጥንት የሚወጣ ነገር ነው ስላት «በሁዳዴ አጥንት አትውጥም» አለች። ስለዚህ እያንዳንዱን እንክብል በጥፍሬ እየከፈትኩ ዱቄቱን በውሃ መጠጣት ያዝኩ። የምሬቱን ነገር አልነግራችሁም። ውጤቱ ከአሥር አራት ሆነ። እንቅልፍም አጣሁ፤ ዓይኔን አፍጥጬ የረሳኋቸውን ነገሮች በሙሉ ጥርት አድርጌ ሳስታውስ አድር ጀመር። ደብተሩ ላይ «አንጎል ሞቋል፣ ልኬት የለም» ብዬ ጻፍኩ።

አልፋ ጂፒሲ ቀጠለ። ራስ ምታትና ቃር ሰጠኝ፤ ከአሥር አምስት አገኘሁ። እድገት ነው ብዬ ደስ አለኝና በዚያው ልብ የኦቦ ለሚን ትክክለኛ በር፣ ስሙን ሦስት ጊዜ አንብቤ፣ ጭኜ ሱሉልታ ወጣሁ። አቆምነው። አሁን ደግሞ በሠላሳ ሳንቲም ጠበበ።

ኦቦ ለሚ በክፍተቱ አጮልቀው አዩኝ። «ጥጃ ይገባበታል» አሉ ቀስ ብለው። ትንሽ አሰቡና «ላሟም እንደምንም ትገባለች» አሉ።

ግርማ ደብተሩን ገለጠ። «ልኬቱን ስጠራልህ ሁለት ሜትር ከስልሳ ነው ያልኩህ።»

«ሁለት ሜትር ከሰላሳ ነው ያልከኝ።»

«ይኸው ተጽፏል፣ ስልሳ።»

በእኔም የሥራ ደብተር ይኸው ተጽፏል፣ ሰላሳ። ሁለት ደብተር ይዘን ሰው ግቢ ውስጥ ተፋጠጥን። የጻፍኩት በገዛ እጄ ስለሆነ የኔን ነው የጠረጠርኩት፤ ከግርማ አፍ ወጥቶ ብዕሬ ላይ እስኪደርስ እንኳ የሚረሳ አንጎል አለኝ ማለት ነው። ኦቦ ለሚ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «አይዞህ፣ ሠርጉ ገና ነው» አሉኝ። ማጽናናታቸው ከስድብ ባሰብኝ።

በዚህ ሁኔታ ነው ወደ ዱቄቱ የገባሁት። ባይታርትሬት ትልቅ ማሰሮ በሚያህል የፕላስቲክ ዕቃ ነው የመጣው፣ ማንኪያም አለው። አንድ ችግር ብቻ ነበረበት፤ መውሰዴን አለመውሰዴን አላውቅም። ለማስታወስ የሚወሰድ ነገር መወሰዱን ማስታወስ እንደሚጠይቅ ማንም አልነገረኝም። ደብተሩ ላይ ምልክት አላደርግም ነበር፣ ምክንያቱም ደብተሩን የት እንዳስቀመጥኩ አላውቅም። ስለዚህ በተጠራጠርኩ ቁጥር አንድ ማንኪያ እደግማለሁ፤ ባልወስደው ይቀርብኛል፣ ብደግመው ምን ይጎዳኛል በሚል ስሌት። ማንኪያውም ሲጠፋ በሾርባ ማንኪያ ቀጠልኩ።

መጀመሪያ ያወቀብኝ ድመት ነው። ወርክሾፓችን አካባቢ የማላውቀው ግራጫ ድመት ይከተለኝ ጀመር። በሁለተኛው ቀን ሌላ አስከተለ። እንስሳ ወደደኝ ብዬ ኮራሁ። ቀጥሎ ሚኒባስ ውስጥ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ነጠላ የለበሱ እናት አጠገቤ ተቀመጡና አፍንጫቸውን በነጠላቸው ይዘው ወደ ጆሮዬ ተጠጉ። «ልጄ፣ የታመመ ሰው ዓሣ ቢበላ አይፈረድበትም፤ ግን ለንስሐ አባትህ ንገር» አሉኝና ወንበር ቀየሩ። ምን እንደሚያወሩ አልገባኝም። ያረጁ ሰው ናቸው፣ ተምታቶባቸዋል ብዬ አዘንኩላቸው። እኔ ነኝ እንግዲህ ያዘንኩት።

ቤት ስገባ አስካለ ሸሚዜን ተቀብላ አሸተተች። መለሰችልኝ። እንደገና ተቀብላ አሸተተች።

«ዓሣ በልተሃል።»

«በሁዳዴ? እኔ?»

«ታዲያ ዓሣው ነው አንተን የበላህ?»

ታጠብኩ። በላርጎ ታጠብኩ፣ በልብስ ሳሙና ታጠብኩ፣ በሎሚ ታሸሁ። በሎሚ ከታሸሁ በኋላማ የባሰ ሆነ፤ አሁን ሊጠበስ የተዘጋጀ ዓሣ ሸተትኩ። ነገሩን የሚያከፋው ያ የሰበታው በር ነው። የበሩ ባለቤት ብዙነሽ ትባላለች፤ ሰበታ ውስጥ ዓሣ ቤት አላት። ባሏ የሞተባት፣ ሳቂታ ሴት ናት። ቤቱን እያደሰች ስለነበር ፍሬም ልተክል፣ ወለሉ ሲነጠፍ ደግሜ ልለካ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ሰበታ እመላለስ ነበር። አስካለ ይህን ሁሉ በጣቷ ቆጠረችው። የሱሉልታ በር ሁለቴ ተበላሸ፤ የሰበታው ግን አልተበላሸም። ባልየው ሰበታ ይሄዳል፤ ዓሣ ዓሣ እየሸተተ ይመለሳል። ቀስ ብላ፣ ሳትጮህ «ሠላሳ ዓመት አብረን ጾመናል» አለችኝ። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

በሩን ለማድረስ በሄድንበት ቀን አስካለ ነጠላዋን አጣፍታ አይሱዙው ጋቢና ውስጥ ገባች። ግርማ ከኋላ ከበሩ ጋር ተጫነ። መስኮቱ ክፍት ሆኖ እንኳ እስከ ሰበታ ድረስ ማንም አልተነፈሰም፤ ቃል ማለቴ አይደለም፣ አየር ማለቴ ነው።

ብዙነሽ ፊቷ ላይ ቀለም ተንጠባጥቦ ወጥታ አስካለን ሳመቻት። ቤቱ ባዶ ነው። ወንበር የለም፣ መጥበሻ የለም፣ የዘይት ሽታ እንኳ የለም፤ አዲስ ቀለምና ሲሚንቶ ብቻ።

«ዓሣ የት ነው?» አለች አስካለ።

«ሁዳዴ ከገባ ጀምሮ ዘግቻለሁ፣ እህቴ። ማን ይበላልኛል?» አለች ብዙነሽ። ከዚያ አየሩን አሸተተችና ወደኔ ዞረች። ዓሣን በሙያዋ የምታውቅ ሴት ናት። አንድ እርምጃ ቀረበች፣ ሌላ እርምጃ ቀረበች፣ «ይቅርታ፣ እርስዎ ግን…» ብላ ቆመች። «ሦስት ቀን ያደረ ነው» አለች ለአስካለ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

አስካለ መጥታ አንገቴ ሥር አፍንጫዋን ሰክታ ሳበች። ልብሴን አይደለም፣ እኔን። ፊቷ ላይ የነበረው ንዴት ሲጠፋ አየሁት፤ በምትኩ የገባው ፍርሃት ነበር። «ይኼ ከውስጥህ ነው የሚመጣው» አለችኝ። «ታመሃል።» እጄን ያዘች። ዓሣ ቤት ውስጥ፣ ብዙነሽና ግርማ እያዩን፣ እጄን አጥብቃ ያዘች።

ከሰበታ ቀጥታ ሐናን ጋ ሄድን። ሐናን ሁሉን ከሰማች በኋላ አልሳቀችም። «ኮሊን ሲበዛ አንጀት ውስጥ ዓሣ ዓሣ የሚሸት ነገር ይሆናል። በላብም በትንፋሽም ይወጣል። በቀን ስንት ማንኪያ ወሰዱ?»

«እሱን ባውቅማ ኮሊን ለምን እፈልጋለሁ?»

ዱቄቱን ነጠቀችኝ። ሽታው በቀናት ውስጥ እንደሚጠፋ ነግራን፣ ያን ወረቀት ለሁለተኛ ጊዜ ጽፋ አሁን ለአስካለ ሰጠቻት።

ሐኪሙ ጭምብል ያደረገ፣ ለስላሳ ድምፅ ያለው ሰው ነበር። «ሦስት ቃል እነግርዎታለሁ፤ ይድገሙልኝና ይያዟቸው፣ በኋላ እጠይቅዎታለሁ» አለኝ። ነገረኝ።

«በር፣ ጥድ፣ ወንዝ» ብዬ ደገምኩ።

አየኝና አንድ ነገር ጻፈ። ቀኑን፣ ወሩን ጠየቀኝ። ከመቶ ሰባት ሰባት እየቀነሱ ይውረዱ አለኝ፤ ወረድኩ፤ መቀነስ እንጀራዬ ነው። ስለ ሥራዬ ብዙ ካስወራኝ በኋላ «ቃላቱስ?» አለ።

«በር፣ ጥድ፣ ወንዝ።»

«እኔ ያልኩት በሬ፣ ጥጥ፣ ወንዝ ነው።»

አስካለን ማየት አቃተኝ። «እንግዲያው አለቀልኝ» አልኩት።

«የለም። እኔ ያላልኩትን አንዲት ሳያዛንፉ አስታውሰዋል» አለ ሐኪሙ። ተነሥቶ ወደ ኋላዬ ሄደ። ምን እንደሚያደርግ ጠበቅኩ። ቆይቶ አስካለ ክንዴን ነካችኝ፤ «ሐኪሙ በስምህ ሦስት ጊዜ ጠራህ እኮ» አለችኝ።

ጆሮዬ ውስጥ በመብራት አየ። ሞቅ ያለ ውሃ መርፌ በሌለው ትልቅ ስሪንጅ ረጨበት። የወጣውን ነገር በዝርዝር አልገልጸውም፤ ጥቁር ነው፣ ጠጣር ነው፣ የብረት ብናኝ ያብረቀርቅበታል፣ ግርማ ቢያገኘው አንድ ቦታ ይበይደው ነበር። ከመስማት አቅሜ ጥቂቱን ግን የፍሌክሱ ጩኸት እንደበላውና እንደማይመለስ፣ ከእንግዲህ ጆሮ መሸፈኛ ሳላደርግ ላሜራ እንዳልቆርጥ አስጠነቀቀኝ። አእምሮዬን በተመለከተ «ያልሰሙትን ነገር ረሳሁ አይበሉ» ብቻ ነው ያለኝ። አስካለ ሳቋን ለማፈን ነጠላዋን ነከሰች፣ ከዚያ ደግሞ በዚያው ነጠላ ዓይኗን ጠረገች።

ወደ ውጭ ስንወጣ የገዛ ጫማዬ ሲንቋቋ ሰማሁ። ስንት ጊዜ ሲንቋቋ እንደኖረ እግዜር ይወቅ።

የኦቦ ለሚን በር ግርማ ልኬቱን በወረቀት ጽፎ ሰጥቶኝ እንደገና ሠራሁት። በሕማማት ሳምንት ወስደን አቆምነው፤ ልክ ሆነ። ኦቦ ለሚ ሁለት ጊዜ ከፍተው ሁለት ጊዜ ዘጉት፣ ከዚያ ጣታቸውን በመጋጠሚያው ላይ አሳልፈው ክፍተት ፈለጉ። «ገላቶማ፣ ልጄ» ብለው መረቁኝ። «አሁን ብሎኬቱ ሞቆት ይሆናል፣ ተፍታቷል» አሉ። ለሠርጉም ጠሩኝ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ቤት ስደርስ አስካለ በቆርቆሮው አጥር በኩል ከጎረቤታችን ጋር ታወራለች። ድሮ ቢሆን የከንፈሯን መንቀሳቀስ እንጂ ሌላ አላገኝም ነበር።

«ጆሮው ተከፈተ አሉ፣ እውነት ነው?» አለች ጎረቤቷ።

«ተከፍቷል። እኔ ነኝ የቸገረኝ፤ ከጀርባው ያሻኝን ስናገር ነው የኖርኩት።»

«ስድብሽን ሁሉ ሊሰማብሽ ነዋ።»

«ስድቡንማ ፊት ለፊት ነው የምነግረው» አለች አስካለ። «ከጀርባው የምለው ምርቃቱን ነው።»

ካለሁበት አልተንቀሳቀስኩም። ዞር ስትል አየችኝና ደነገጠች።

«ሰማኸን እንዴ?»

«ምን አልሽ?»

ቆጣ ብላ አየችኝ። «ያ ሐኪም በከንቱ ነው የደከመው» አለች። ጃኬቴን ልሰቅል ዞርኩ። ይሄኔ ከጀርባዬ፣ በጣም ቀስ ብላ፣ አንድ ነገር ተናገረች። እያንዳንዱን ቃል ሰማሁት። ለእናንተ ግን አልነግራችሁም።